ቀኑ ደርሶ አልሞተም

ልጁን ለማስደሰት ወርቃማ ዓሣ ገዝቶ የወሰደ አባት፣ ዓሣው በሁለተኛው ሳምንት ሞቶበት ወደ ሱቁ ሲመለስ የሚጠብቀው መልስ የትም ቢሆን ያው ነው፦ «ዓሣ እኮ ዕድሜው አጭር ነው።» ሻጩ ይህን ሲል የሚዋሽ አይመስለውም። ገዢውም ቀኑ ደርሶ ነው ብሎ ይቀበልና ሌላ ያስመርጣል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ በድብቅ የሚተካም አለ። በሆቴል መግቢያ፣ በጥርስ ክሊኒክ ማረፊያ፣ በሬስቶራንት ጥግ የምናየው አኳሪየም የሚሞላውም በዚሁ እምነት ነው። ዓሣ አይጮኽም፣ አይናከስም፣ ምንጣፍ አያበላሽም፣ ብዙ አይበላም፤ ሲሞትም ብዙ አያስለቅስም። እንስሳ ማሳደግ ለመልመድ የፈለገ በዓሣ ይጀምር የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ለጀማሪ መሰጠት የሌለበት እንስሳ ቢኖር ዓሣ ነው። በሁለት ሳምንት የሚሞተውም ዕድሜው አልቆ ሳይሆን አብሮት የተሸጠው ዕቃ ገድሎት ነው። «ዕድሜው አጭር ነው» የሚለው ቃል ስለ ዓሣው ምንም አይነግረንም፤ ንግዱ ለራሱ የሚሰጠው ይቅርታ ነው።

ወርቃማ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት ግድም ጀምሮ በኩሬ እያረቡ፣ ቀለሙን ትውልድ በትውልድ እየመረጡ እዚህ ያደረሱት ዓሣ ነው። በአግባቡ ከተያዘ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ ሃያን የሚያልፍም አለ። ሲያድግ ርዝመቱ ከ20 ሳንቲሜትር ይበልጣል፤ በሱቅ የምናየው ጣት የሚያህለው ገና ግልገሉ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ቲሽ የሚባል ወርቃማ ዓሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ የመዝናኛ ባዛር ለጨዋታ አሸናፊ በሽልማትነት ተሰጠ፤ የሞተው በ1999 ነው። አርባ ሦስት ዓመት! ጊነስ መዝግቦታል። ቲሽ የዓሦች ማቱሳላ ነው፣ እንደ እሱ ያለ አይጠበቅም ይባል፤ እስማማለሁ። የእሱን ዕድሜ ሩብ ብቻ ብንወስድ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ነው። በአሥር ዓመትና በሁለት ሳምንት መካከል ያለውን ልዩነት ተፈጥሮ አላመጣውም።

ያመጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስና እንዴት እንደሚጸዳዳ ማወቅ ይበቃል። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን አሞኒያ የሚያስወግደው በአብዛኛው በስንጥቡ ነው፤ ማለትም በዚያው ኦክስጅን በሚያስገባበት አካል። በሐይቅና በወንዝ ችግር የለውም፣ ውሃው ሰፊ ነው፣ ይወስደዋል። በአምስት ሊትር የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ ግን አሞኒያው መሄጃ የለውም። ይጠራቀምና ተመልሶ ስንጥቡን ያቃጥላል። መጸዳጃ ቤት ተዘግቶበት እዚያው የሚበላ፣ እዚያው የሚተኛ፣ ያንኑ አየር የሚስብ ሰው አስቡ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ነገሩ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፤ አሞኒያ ቀለም የለውም። ኩልል ብሎ የሚታየው ውሃ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ተፈጥሮ ለዚህ መላ አላት። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። መኖሪያቸው የፊልተሩ ስፖንጅና ከታች ያለው ጠጠር ነው። ቁልፉ ጉዳይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው ሥራውን ለመቻል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጅባቸው መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ አኳሪየሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለዓሣ አልደረሰም። መካከል ላይ የሚመጣው ናይትራይት ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ደሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። አሁን ይህን ከሱቁ አሠራር ጋር አስተያዩት። ጎድጓዳው፣ ባለቀለሙ ጠጠር፣ ምግቡና ዓሣው በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረሰኝ ይሸጣሉ። ስድስት ሳምንት የሚባል ነገር የሚያነሳ የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስላቅ ያሳዝናል። ሰነፉ ባለቤት ውሃውን ሳይነካው ይተወዋል። ትጉሁ ግን በሳምንቱ ዓሣውን በጭልፋ አውጥቶ ጎድጓዳውን በሳሙና ፈትጎ፣ ጠጠሩን አጥቦ፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ ከቧንቧ ይሞላል። መራባት የጀመሩት ባክቴሪያዎች ተጠርገው ሄዱ፤ በምትካቸው የቧንቧው ክሎሪን ገባ፤ እሱም በበኩሉ ስንጥብ ያቆስላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው ዓሣውን ቶሎ የሚገድለው። መደረግ የነበረበት ከውሃው ሩብ ያህሉን ብቻ፣ በባልዲ ተከፍቶ ባደረ ውሃ መቀየር ነበር። በነገራችን ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር በባልዲ የማሳደር ልማድ ስላለ ክሎሪኑ ብን ብሎ ይሄዳል፤ ፈረቃው ለአንድ ፍጡር እንኳ ጠቀመ ማለት ነው።

አዲስ አበባን ካነሳን ዘንድ፣ ከተማችን ለዚህ እንስሳ ከሚያስቸግሩ ቦታዎች አንዷ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃው ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በውጭ አገር በሚጻፉ የአኳሪየም መመሪያዎች ውስጥ ያለው «ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም፤ በዚያው ውሃ ያነሰ ዓሣ ነው መያዝ ያለበት። ከሞቃት አገር የሚመጡት ኒዮን ቴትራና ጉፒ 24 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። ማሞቂያ ግድ ነው። ማሞቂያውም ፊልተሩም የአየር ፓምፑም የሚሠሩት በመብራት ነው፤ መብራቱ ይሄዳል። ሆቴሉ ጀነሬተር አለው፤ መኖሪያ ቤቱ የለውም። ጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ በፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅን ስለሚሹ መሞት ይጀምራሉ። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም እንደነበረ ይመስላል። ዓሣው ከሦስት ቀን በኋላ ሲሞት ከመብራቱ ጋር የሚያገናኘው የለም። «ዕድሜው አጭር ነው።»

ወርቃማ ዓሣ በብርድ በኩል የተሻለ ነው፤ ቅዝቃዜ ይችላል፣ ጭቃማ ኩሬ ይችላል፣ ረኀብ ይችላል። ሻጮች «ጠንካራ ነው፣ አያስቸግርም» የሚሉት ለዚህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጠንካራ ማለት በመጥፎ ውሃ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ እየተጎዳ ብዙ ይቆያል ማለት ነው። ደካማው ዓሣ በሁለት ቀን ይገላገላል፤ ጠንካራው ወራት ይፈጅበታል። እነዚያን ወራት ነው እንግዲህ «ተመችቶታል» ብለን የምንቆጥረው። «ዓሣ በዕቃው ልክ ነው የሚያድገው» የሚባለው ወሬም ከዚሁ ይመደባል። እድገቱ የሚገታው ውሃው ስለተበላሸ ነው። አለማደጉን መላመድ ማለት የተራበ ልጅ አለመርዘሙን እንደ ቁጥብነት ማየት ነው።

ቤታ ስለሚባለው ተፋላሚ ዓሣ የሚነገረው ደግሞ የባሰ ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዬ ብላ የሰየመችው፣ ክንፉ እንደ ሐር የሚዘናፈለው ዓሣ ነው። ወንዶቹ ስለሚጣሉ ሱቅ ውስጥ እያንዳንዱ በፕላስቲክ ኩባያ ተለይቶ፣ ኩባያዎቹ ግን ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያል። ቤታ ከውሃ በላይ ያለውን አየር የሚስብበት ልዩ አካል አለው፤ ስለዚህ «ሰፊ ቦታ አያስፈልገውም» ይላሉ። አየር መሳብ መቻሉ ከመታፈን ያድነዋል፤ ከአሞኒያ አያድነውም። «በአገሩ የሩዝ ማሳ ኩሬ ውስጥ ነው የሚኖረው» ይላሉ ደግሞ። የሩዝ ማሳ ጥልቀቱ ትንሽ ይሁን እንጂ ስፋቱ ስንት ኩባያ እንደሚሞላ የሚቆጥር የለም። በማሳው የተሸነፈው ወንድ ሸሽቶ ይሄዳል፤ በኩባያው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጠላቱ ፊቱ ላይ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ሲያስፈራራ ደንበኛው «እንዴት ያምራል!» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ቅያሜዬ፤ የዓሣን ጭንቀት እንደ ውበት ማንበብ ለምደናል። ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት የሚዘጋው «ርቦት» ወይም «ሰላም እያለን» አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን አጥሮት ነው። ጠጠር ላይ ሰውነቱን የሚያሻሸው እየተጫወተ አይደለም፤ ስንጥቡን ወይም ቆዳውን የሚያሳክከው ነገር አለ። ክንፉን ወደ ሰውነቱ አጣብቆ ጥግ የያዘው «ረጋ ያለ» አይደለም። በመስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚመላለሰውም «ንቁ» አይደለም። ልጆች መስታወቱን በጣት ሲያንኳኩ ዓሣው የሚፈናጠረው በጎኑ ላይ የውሃ ንዝረት የሚለይበት የስሜት መስመር ስላለው ነው፤ ለእኛ ትንሽ ኳኳታ የሆነው ለእሱ መላ ሰውነቱን የሚያርገፈግፍ ነገር ነው። ዓሣ ሲጨነቅ በደሙ የሚፈሰው ሆርሞን ኮርቲሶል ነው፤ ሰው ሲጨነቅ የሚፈስሰው ያው ኮርቲሶል። ጭንቀቱ ሲሰነብት በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል። በአኳሪየም ውስጥ እንደ ጨው ነቁጥ የሚታየው በሽታ አዲስ ዓሣ በገባ ሰሞን የሚነሣው አለምክንያት አይደለም።

የጥርስ ክሊኒኩ ባለቤት «ታካሚዎቼን ያረጋጋል» ይል ይሆናል። ያረጋጋል፣ አልክድም። ግን የሚያረጋጋው ዓሣው ደኅና ስለሆነ አይደለም፤ የታፈነውም እኩል ያረጋጋል።

«ዓሣ ሕመም አይሰማውም» የሚለውን መከራከሪያ አላልፈውም፤ ከሌሎቹ ይልቅ ክብደት ያለው እሱ ነውና። በዚህ የሚጸኑ ሳይንቲስቶች አሉ። አሜሪካዊው ጄምስ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አውስትራሊያዊው ብራያን ኪ ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ ሕመምን አውቆ ለመሰማት የሚያስፈልገው የአንጎል ውጫዊ ክፍል በዓሣ ውስጥ የለም ብለው ጽፈዋል። የለም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ ዓይነቱ ክፍል በወፍም ውስጥ የለም፤ ዶሮ ሲቆረጥ አያመውም የሚል ግን ዛሬ ብዙ አይገኝም። ሊን ስኔደን የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ትራውት የተባለውን ዓሣ ከንፈሩ ላይ የንብ መርዝ ወይም የኮምጣጤ አሲድ ወጉት። ዓሦቹ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመሩ፣ ምግብ ተዉ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዙ፣ አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን በጠጠር አሻሹ። ሞርፊን ሲሰጣቸው ነገሩ ቀለለ። ሕመም የማያውቅ እንስሳ በሕመም ማስታገሻ ለምን ይሻለዋል?

«ትዝታው የሦስት ሰከንድ ነው» የሚለው ቀልድ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። አውስትራሊያ ውስጥ ኩለም ብራውን ቀስተ ደመና ዓሣ የሚባሉትን በመረብ እየነዳ ከመረቡ ማምለጫ ቀዳዳ እንዲያገኙ አስተማራቸው፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ሲሞከሩ ቀዳዳውን አልረሱትም። ደግሞስ የሕመሙ ክርክር ነገ በሮዝ አሸናፊነት ቢደመደም ኮርቲሶሉ፣ የተቃጠለው ስንጥብና የዕድሜው መቆረጥ ባሉበት ይቆያሉ።

ዓሣው ሱቅ እስኪደርስ ያለፈበት መንገድም ዋጋው ላይ አልተጻፈም። ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖሩት የጌጥ ዓሦች አብዛኞቹ እንደ ሲንጋፖር ባሉ አገሮች በእርባታ የሚመረቱ ናቸው። ከመላካቸው በፊት ውሃውን እንዳያቆሽሹ እንዲራቡ ይደረጋል፤ ከዚያ ጥቂት ውሃና ኦክስጅን ባለበት ፌስታል ታስረው በአውሮፕላን ይጫናሉ። ፌስታሉ ውስጥ ዓሣው የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲዳማ ውሃ ደግሞ የተጠራቀመውን አሞኒያ መርዝነት ያዳክማል። ፌስታሉ ሲከፈት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያው በደቂቃዎች ውስጥ መርዝነቱ ይመለሳል። ገዢው ፌስታሉን ፈትቶ «ይለምድ» ብሎ ለሰዓት ሲያስቀምጠው እያዘነለት ነው የሚመስለው።

የባሕሮቹ ሌላ ታሪክ ናቸው፤ በአብዛኛው ከዱር የሚያዙ ናቸው። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያናይድ በኮራል ድንጋዩ መካከል የመርጨት ልማድ ነበር፤ ኮራሉን ገደለ፣ ዓሣውንም ብዙ ጊዜ ሱቅ ከደረሰ በኋላ ጨረሰው። በተፈጥሮው በኢንዶኔዥያ የባንጋይ ደሴቶች ብቻ የሚገኝ አንድ ውብ ዓሣ በንግዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመድቧል። መስታወት የመሰለውን የሕንድ ዓሣ ደግሞ በመርፌ ቀለም እየወጉ «ባለቀለም» ብለው የሚሸጡት አሉ። ቀለሙ እየቆየ ይደበዝዛል። ከዱር የሚያዝ ሁሉ ግን መጥፎ ነው ብዬ አልሞግትም። በብራዚል ሪዮ ኔግሮ፣ በባርሴሎስ ከተማ ዙሪያ፣ ካርዲናል ቴትራ የሚያጠምዱ ቤተሰቦች ኑሯቸው በዓሣው ላይ ስለሆነ ደኑ እንዳይመነጠር ይፈልጋሉ። ይህን የሚያናጋ እገዳ አልደግፍም። የእኔ ጥያቄ ዓሣው ከዚያ ከወጣ በኋላ የት ይገባል የሚለው ነው።

አሁን ወደማይቀረው ነቀፋ። «ሰው በሚራብበት አገር ስለ ዓሣ ጭንቀት?» የሚለኝ ይኖራል። የጠየቅሁት ገንዘብ ቢሆን ነቀፋው ይገባኝ ነበር። እኔ የምለው ግን «አትግዙ» ነው፤ ያልተገዛ ዓሣ ከማንም መሶብ እንጀራ አይቀንስም። «ዓሣ ስንበላስ?» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ከዝዋይ ወይም ከጫሞ የወጣው ቆሮሶ መረብ እስኪገባ ድረስ በሐይቁ ኖሯል፤ የተበደለው በአሟሟቱ ነው። የጌጡ ዓሣ የተበደለው በኑሮው ነው፤ ያ ኑሮ ደግሞ የእኛ እጅ ሥራ ነው። እሱን ያመጣነው እንድናየው ብቻ ነው፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ለማየት ብቻ የተያዘ ፍጡር ደኅና ሆኖ ካልታየ መያዙ ምን ሊሆን?

ሌሎች አገሮች ነገሩን ከጀመሩት ቆይተዋል። በጣሊያን የሞንዛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሮም ደግሞ በ2005 ወርቃማ ዓሣን በክብ ጎድጓዳ ማኖር ከልክለዋል። እኛ ዘንድ ከሕጉ በፊት ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነው። ሻጩ መጀመሪያ አኳሪየሙንና ፊልተሩን ይሽጥ፤ ዓሣውን ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ገዢው ከአኳሪየሙ ያመጣውን ውሃ መርምሮ ይስጥ። የአሞኒያ መመርመሪያ ጠብታ ከባለቀለም ጠጠርና ከፕላስቲክ ግንብ የሚበልጥ ዕቃ ነው። ክብ ጎድጓዳውን ለአበባ ይሽጠው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያምጣ። ጣት የሚያህለው ዓሣ ወደፊት ስንት ሳንቲሜትር እንደሚደርስና ስንት ዓመት እንደሚኖር በዋጋው ጎን ይለጥፍ።

«እንዲህ ብዬ ማን ይገዛኛል?» ይላል ሻጩ። ጥቂት ሰው ይገዛዋል። የቀሩት ለልጃቸው ኳስ ወይም መጽሐፍ ይገዛሉ፤ ክሊኒኩም ግድግዳው ላይ ሥዕል ይሰቅላል።